ፎቶ ውስጥ የገባው ሰው

አንዲት ሴት ነበረች። ከባሏ ጋር የምትኖረው ባለ በረንዳ የጥንት የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል፤ አላፊ አግዳሚው ፎቶ ያነሣዋል።

ባሏ አቶ ልሳኑ ወፍጮ ቤት ሲሠራ የኖረ ብርቱ ሰው ነበር። አንድ ቀን ግራ ጎኑ ከዳው፤ እግሩ አልታዘዝ አለ።

የቤቱ ደረጃ ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይም ይታጠፋል። ተሽከርካሪ ወንበር አያስወርድም። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ተሸክሞ ያወርደው ነበር። ጎረቤት ግን እስከ መቼ ይሸከማል? አንድ በአንድ ቀሩ። ልሳኑ በረንዳው ላይ ቀረ።

ሴትየዋ ዘዴ አገኘች። ቤቱ ዳገት ላይ ስለተሠራ በረንዳው በአንድ ጎኑ ከመሬት ብዙም አይርቅም። በዚያ በኩል የበረንዳውን መደገፊያ በር ያህል ከፍታ፣ ተዳፋት የእንጨት መውረጃ ብታደርግለት፣ ባሏን እየገፋች ቤተ ክርስቲያን ታደርሰዋለች። ቅርስ ላይ ግን ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታም። አመለከተች። የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴው ሊያይ መጣ።

ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ሥራቸውን ይወዳሉ። ሰብሳቢው አቶ ምንውየለት የመደገፊያውን ቅርጽ በጣቱ እየዳሰሰ፣ “እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የት ይገኛል!” አለ። ልሳኑ ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ “እንደምን ዋላችሁ? ቤት ግቡ እንጂ” አላቸው።

ታዲያ ሰብሳቢው ቤቱን ፎቶ ሊያነሣ ካሜራውን ደግኖ ምን ቢለው ጥሩ ነው?

“አባባ፣ ፎቶው ውስጥ እየገቡብን ነው። እስቲ ትንሽ ወደ ውስጥ ይበሉልን።”

ወደ ውስጥ ይበሉ! መንቀሳቀስ ላቃተው ሰው! ሚስቱ ጥርሷን ነክሳ ወንበሩን ወደ ቤት ጎተተች። ልሳኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“እናቴ፣ አዝናለሁ” አላት ሰብሳቢው ሲጨርስ። “የቤቱ ፊት ከተነካ መልኩ ይበላሻል።”

“ልጄ፣ ተነቅሎ የሚገጠም እንጨት እኮ ነው! ውስጡ ሰው አለ።”

“ይገባኛል። ግን አይሆንም።”

ከዚያ ቀን ወዲያ ልሳኑ በረንዳ አውጪኝ ብሎ አያውቅም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

በቀብሩ ዕለት የሬሳ ሳጥኑ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አልዞር አለ። ቢያዘነብሉት እንቢ፣ ቢያቆሙት እንቢ። አቶ ምንውየለትም ለቀስተኛ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ እድራቸው አንድ ነው። ከግቢው ተጣራ፦

“በጎን አውጡት! መደገፊያውን ንቀሉት፣ ኋላ ይገጠማል። ሬሳ አይጉላላ!”

ሴትየዋ ለቅሶዋን አቋረጠች።

“ሬሳ አይጉላላ? ነፍስ እያለው ሲጉላላ የት ነበርክ? ለሬሳው የሚነቀል እንጨት ለሰውየው ምነው አልነቀል አለ?”

ሰብሳቢው አንገቱን ደፋ። ጎረምሶቹ መደገፊያውን ነቀሉት፤ ብዙም አልፈጀባቸውም። ልሳኑ በዚያ በኩል ወጣ።

ምእመናን፣ ተናደዳችሁ? ተናደዱ! እኔም ተናድጃለሁ። በምንውየለት ላይ ብቻ ግን እንዳይሆን።

አምና የዚህን ቤተ ክርስቲያን ደጅ እብነ በረድ ስታስነጥፉ፣ ቀለሙ ይህ ይሁን ያ ይሁን እያላችሁ ስንት እሑድ ተጨቃጨቃችሁ? እማማ ዘነቡ በዚያ አንሸራታች ደረጃ እንዴት ይወጣሉ ብሎ የጠየቀ ማን ነው? ከዚያ ወዲህ እዚህ አይታችኋቸዋል? የት ገቡ ያለ አለ?



ሰው ሲሞት ግን አትጠፉም። ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ለመሸከም ትሻማላችሁ። ለሬሳ ትከሻ አላችሁ፤ በሕይወት ላለ ሰው ጊዜ የላችሁም! እግዚአብሔር እብነ በረዳችሁን ምን ያደርግለታል? አጊጣችሁ ስትቆሙለት፣ ከቤት የቀረውን ሰው የማይጠይቃችሁ ይመስላችኋል?

ዛሬ ምሳ ከመብላታችን በፊት እማማ ዘነቡ ቤት እንሄዳለን፤ ይቅርታም እንጠይቃቸዋለን። ከዚያ ተመልሰን ደጁን እናስተካክላለን። መዶሻ ያለው መዶሻውን ይዞ ይምጣ።