ያልተባዛ ዘር

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ ስለ ብዝኀ ሕይወት ጥበቃ የሚያስተምር ጽሑፍ ለዲኑ ለዶክተር ልሳነወርቅ በነጻ ተላከላቸው። ዲኑ ግን ያልተቆለፈበት ነገር አይከበርም ባይ ነበሩና፣ "አንድ ቅጂ ብቻ፣ ለቁምሳጥኔ!" ብለው ለማባዣ ክፍል ሠራተኛዋ ሰጧት። እሷ ለተማሪው ሁሉ አዳረሰችው።

ዲኑ መምህራኑን ሰብስበው አስጠሯት።

"በማን ፈቃድ አባዛሽው? መልስ ካጣሽ ከሥራሽ ተሰናብተሻል!"

ሠራተኛዋ ጽሑፉን ፊታቸው አስቀመጠች።

"ጌታዬ፣ እያባዛሁ አነበብኩት። የመጀመሪያው ገጽ 'አባዝታችሁ ለተማሪ በነጻ ስጡ' ይላል። ሁለተኛው ገጽ 'ተዘግቶበት ያልተባዛ ዘር ይጠፋል' ይላል። እርስዎ የትኛው ገጽ ላይ ደርሰዋል?"

መምህራኑ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ዲኑም መነጽራቸውን ፈልገው ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጡት።