በእግራቸው የወጡ ንቦች

አንድ ንብ አናቢ ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ እማዋይሽ፤ በምታስተዳድሪው የእናቶች ግሩፕ አዲስ ገቢዎቹ አንዱን ጥያቄ እየደጋገሙ አሰልችተውሽ፣ ዛሬ ጠዋት አንዷን አስወጥተሽ፣ ሌሎቹንም ባስወጣቸው ነውር ነው ወይ ነው ያልሽኝ። እደርስበታለሁ፤ አትቸኩይ።

ይህ ሰው ንብ አናቢዎች በስልክ የሚመካከሩበት ግሩፕ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። እዚያ ቤት ደንብ አላቸው። አዲስ ሰው ሲገባ ሰላምታ ይሰጣል፣ አገሩንና የቀፎውን ብዛት ይናገራል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ጥያቄው ቀድሞ የተመለሰ ከሆነ «ከላይ እይ» ይሉታል፤ የድሮውን ጽሑፍ ወደ ላይ እየገፋ ይፈልጋል። መልካም ደንብ ነው፣ እኔ ከደንቡ ጋር ጠብ የለኝም። ሰውየው ግን «ከላይ እይ» ማለት ጣመው። ነባር መሆን እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይሾመው የተሾመ ይመስለዋል።

አንድ ቀን የገዛ ንቦቹ መብረር ተዉ። በጠራራ ፀሐይ፣ ክንፋቸው ደህና ሆኖ ሳለ፣ ከቀፎ እየወጡ በእግራቸው ተሰልፈው ወደ ጫካው ይሄዳሉ። ድምፅ የላቸውም። አጎንብሶ ቢያነሣቸው ከመዳፉ ወርደው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ያለው ዘጠኝ ቀፎ ነው፤ ልጆቹን የሚያበላው በእነሱ ነው። በማግስቱ አራቱ ባዶ ሆኑ።

ሰውየው ሰላምታውንም ረሳው። «ንቦቼ በእግራቸው እየሄዱ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጻፈ።

«ከላይ እይ» አለው አንዱ። «ከላይ እይ» አለው ሌላው። ሃያ ሰው እንዲሁ አለው። ደስ አለው! መልስ አለ ማለት ነዋ። ወደ ላይ መግፋት ጀመረ።

ያንኑ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አገኘ፤ ከሥሩ «ከላይ እይ»። ወደ ላይ ሄደ። ሌላው፣ «ሁለት ቀፎ ቀረኝ፣ ስለ እግዜር» ይላል፤ ከሥሩ «ከላይ እይ»። ከዚያም ላይ አንዲት ሴት፣ «የመጨረሻው ቀፎ ዛሬ ወጣ» ብላለች፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈችም። በየዓመቱ፣ በየአገሩ፣ ያው ንብ በእግሩ ይሄዳል፤ ያው ቃል ከሥሩ ተጽፏል። ሰውየው ቀና ብሎ በመስኮት ቢያይ አምስተኛው ቀፎ እየወጣ ነው።

በመጨረሻ የመጀመሪያውን ጠያቂ አገኘው። ሰላም ሳይል፣ አገሩን ሳይናገር ዘሎ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ተጨንቆ ነዋ። ከሥሩ «ሥርዓት ተማር፤ ከላይ እይ» ይላል። የጻፈው ይኸው የእኛው ንብ አናቢ ነው! የሰላምታውን መጉደል ብቻ አይቶ፣ ጥያቄውን ሳያነብ ነው የመለሰለት። ከዚያ በላይ ቢፈልግ ቢፈልግ፣ ያለው የማር ፎቶና የበዓል ምኞት ብቻ ነው። መልስ ኖሮ አያውቅም። ከኋላው የመጡት ሁሉ እሱን አምነው ነው ያንን ቃል ሲደግሙ የኖሩት።

ወደ ታች ተመልሶ፣ «ወንድሞቼ፣ ከላይ ምንም የለም። የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። አናውቅም እንበልና አብረን እንፈልግ» ብሎ ጻፈ።

ወዲያው መልስ መጣለት። «ከላይ እይ።»

ደጅ ሲወጣ ዘጠኙም ቀፎ ጭጭ ብሏል።

አየሽ እማዋይሽ፣ አዲስ ገቢ ማለት መከራው ካንቺ ቀድሞ የደረሰበት ሰው ነው። መልሱ ካለ መጀመሪያ አንቺው ሂጂና እዪው፤ ከዚያ ወስደሽ አሳዪያት። ከሌለ አላውቅም በይ፤ አላውቅም ብሎ የሞተ ሰው የለም። ሥርዓት የላትም ብለሽም አትቆጪ፤ ቤቱ እሳት የተነሣበት ሰው እንደምን ዋላችሁ ብሎ አይጀምርም።

እስቲ ንገሪኝ፤ ዛሬ ጠዋት ያስወጣሻት እናት ምን ብላ ነበር የጠየቀችው?

አላነበብሽውማ።

በይ ተነሺ፣ ፈልጊያት።