ሣር ላይ የወደቀው ኳስ

አንድ ወጣት ሻንጣውን ሳይፈታ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ በአንድ ኮሌጅ ማደሪያ ክፍል፣ ቁም ሣጥኑ ባዶውን ቆሞ ልብሱን ከሻንጣ እያወጣ ይለብስ ነበር።

ለምን? ልቡ ሁልጊዜ "ሂድ፣ ሂድ" ስለሚለው ነው።

ይህ ወጣት የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነበር። እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ ይለያል፤ ኳሱ በእጅ ይወረወራል። የእሱ ሥራ ከሜዳው ዳር ተነሥቶ፣ አስቀድሞ ወደተነገረው ቦታ ሮጦ፣ የሚወረወርለትን መቅለብ ነው። ግን ሌሎች ቀላቢዎችም አሉ፤ ኳሱ ሁልጊዜ ለእሱ አይመጣም። "አይወረውሩልኝም" እያለ ሁለት ኮሌጅ ጥሎ ወጣ። ይህ ሦስተኛው ነው። የመጨረሻ ዓመቱም ነው፤ ዘንድሮ የትልልቅ ቡድኖች ዓይን ውስጥ ካልገባ ጨዋታው አበቃ።

እናቱ በስልክ ትጠይቀዋለች።

"ኢዮስያስ፣ እዚያስ ተመቸህ?"

"አይ እማዬ፣ እዚህም አያዩኝም።"

"የት ነው ታዲያ የሚያዩህ የኔ ልጅ? ንገረኝና እኔም ልምጣ።"



የመጨረሻው ጨዋታ ቀን ቡድኑ እየተመራ ነበር። እሱን የሚጠብቀው የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ ሲስቅበት ዋለ። "ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ኳሱ ላንተ ሲሆን ትበራለህ፣ ለሌላ ሲሆን ሽርሽር ትወጣለህ። አሠልጣኛችሁ የደበቀውን ሁሉ እግርህ ይነግረኛል እኮ!"

ኢዮስያስ ተናደደ። መናደድ ብቻ።

የመጨረሻው ሙከራ ለሌላ ልጅ ታቀደ። ኢዮስያስ እንደ ልማዱ ጥቂት ሮጠና ረገብ አለ። ያኛው ልጅ ግን ተደናቅፎ ወደቀ። ወርዋሪው፣ ተከላካዮቹ እየደረሱበት፣ ዞር ብሎ ኳሱን ወደ ኢዮስያስ ቦታ ለቀቀው። ልብ በሉ፤ ወደ ኢዮስያስ ሳይሆን ወደ ቦታው። በዚህ ጨዋታ ቀላቢው እስኪደርስ አይጠበቅም። ይደርሳል ተብሎ ታምኖ ይወረወራል።

ኳሱ ማንም በሌለበት ሣር ላይ ወደቀ።

ወርዋሪው አልተቆጣም። አጠገቡ መጥቶ፣ "እዚያ የምትደርስ መስሎኝ ነበር" አለው።

ከጨዋታው በኋላ እናቱ ደወለች።

"እማዬ፣ ዛሬ ወረወሩልኝ።"

"እሰይ! ታዲያስ?"

"አልነበርኩም።"

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችን ነን ሻንጣችንን ሳንፈታ የምንኖር? ትዳር ውስጥ ሆነን ደጁን የምናይ? ለጸሎት ተንበርክከን "ዛሬም ለእኔ አይደለም" ብለን ቶሎ የምንነሣ? ጎረቤታችን ሲባረክ እግራችን የሚዝል?

ኳሱ የማይመጣበት ሩጫ የለም አንልም። ብዙ ነው። ሙሉውን ሮጣችሁ ባዶ እጃችሁን የምትመለሱበት ቀን ይኖራል። የሚጠበቀው ሰው በማይመለስበት ቤትም ራት ይሠራል፣ አልጋ ይነጠፋል፣ መስኮት ይከፈታል። እሱም ሩጫ ነው። ማንም አያጨበጭብለትም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ሻንጣችሁን ፍቱ። ልብሳችሁን ስቀሉ። ነገ ደግሞ፣ ስማችሁ ባይጠራም፣ የተሰጣችሁን መንገድ እስከ ጫፉ ሩጡት። ምናልባት እግዚአብሔር የላከላችሁ ነገር ከእጁ ወጥቶ በአየር ላይ ነው።

ሲያርፍ የት ትሆናላችሁ?