ከልጁ የቀደመ እልልታ

ተረት መጥታለች፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ቦታ ስጧት! የዛሬው ነገር የሆነው ተራሮች ገና ልጆች ሳሉ፣ ወንዞችም መሄድ ሲማሩ ነው። ውሸት የለበትም። ካለበትም ጥቂት ነው፤ ለወዝ ያህል።

በዚያ ዘመን በአንድ ገደል ላይ ጎሹ የሚባል ሽኮኮ ነበር። ስሙ የጎሽ፣ ልቡ የጫጩት። ሚስቱ እማዋይሽ ትባላለች። ጎሹ ፈሪ ነው። ምን ያህል ፈሪ? ጥላው ሲከተለው ዞር ብሎ «ምን አጠፋሁ?» ይለዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ግን ሟርት ነው። «ልጅ ሳይወለድ ዱቄት የፈጨ፣ ቅቤ ያነጠረ፣ ጨርቅ ያዘጋጀ ሞትን ይጠራል» ሲባል ሰምቷል። ስለዚህ እማዋይሽ ስታረግዝ ጎሹ አንድ ፍሬ ገብስ አያነሳም። ቤቱ ባዶ፣ ማሰሮው ባዶ፣ ሆዷ ብቻ ሙሉ።

ከገደሉ ሥር ደግሞ አያ ጅቦ ይኖራል። ጆሮው ሰባት አገር ያቋርጣል። ከድምፅ ሁሉ የሚወደው እልልታ ነው።

እማዋይሽ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ጎሹ ከደስታው ብዛት እልል አለ። ወንድ እልል አይልም ትሉኝ ይሆናል። ጎሹ አለ። ከዚያ የአራስ ገንፎ ሊያገነፋ ቢነሳ ዱቄት የለም። እየሮጠ ወጣ። መንገድ ላይ አያ ጅቦ ቆሟል።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ጎሹ! ወዴት ነው ሩጫው?»

«ዱቄት ፍለጋ ነው፣ አያ ጅቦ። ቤት ውስጥ ጭብጥ የለም።»

«ጥሩ ዱቄት ያለው ሩቅ ነው። ራቅ በል፤ ቤቱን እኔ አይልሃለሁ።»

ጎሹ ራቀ። ዱቄቱን ተሸክሞ ሲመለስ እማዋይሽ ታለቅሳለች። ልጁ የለም። አያ ጅቦ «ልሳመው» ብሎ ገብቶ፣ ስሞ፣ ውጦ ሄዷል።

በዓመቱ ሁለተኛ ልጅ ተወለደ። ጎሹ እልል አለ። ዱቄት ካምናው ተርፏል፤ ቅቤ ግን የለም። አያ ጅቦን እንዳያገኝ በሌላ መንገድ ወጣ። አያ ጅቦም ከቋጥኝ ኋላ ተደብቆ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ቅቤ ከወንዝ ማዶ! ቅቤ ከወንዝ ማዶ!» አለ። ጎሹ ነጋዴ ሴት መሰለችው። ወንዙን ተሻገረ። ሲመለስ ልጁ የለም።

አዋላጅ አልነበረችም ወይ? ነበረች። እመት ኤሊ ለመጀመሪያው ልጅ ተጠርታ ያኔውኑ ተነስታለች። የደረሰችው ሁለተኛው ከተበላ በኋላ ነው። «ዘገየሁ እንዴ?» አለች።

ሦስተኛው እርግዝና መጣ። ጎሹ እንቅልፍ አጣ። የሚስቱን ትንፋሽ ሲቆጥር ያድራል፤ ከሺህ በላይ መቁጠር ስለማይችል እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ሲነጋ ደግሞ ከታች ድምፅ ይመጣል።

«ጎሹ! ሆዷ እንዴት አደረ?»

«ደ... ደኅና ነው፣ አያ ጅቦ።»

«እልል ስትል ጮክ በል፤ እያረጀሁ ነው፣ ጆሮዬ ደከመ።»

ጎሹ ጠጉሩ መርገፍ ጀመረ። በሰባተኛው ወር እማዋይሽ ጠራችው።

«አንተ ጎሹ፣ ገብስ ቁላ።»

«ምን? ሳትወልጂ? ሟርት አትጥሪብኝ!»

«ሁለቴ ሳናዘጋጅ ወለድኩ። ሟርቱ ቀረልን ወይ?»

ጎሹ ምጣዱን ጣደ። ቆላ። እየቆላ ያለቅሳል፣ እያለቀሰ ይቆላል።

«ፍጭ» አለችው። ወፍጮው በዞረ ቁጥር ሞት በር ላይ የቆመ እየመሰለው ፈጨ። «ቅቤ አንጥር» አለችው። አነጠረ። እመት ኤሊ ወደ አገሯ ገና ስላልተነሳች፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከምጥ ቀድማ ተገኘች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዋይሽ እንዲህ አለች፦

«ድስቱን ጣድ። ገንፎው ይፍላ፣ ቅቤው ይፍላ። ከዚያ እልል በል።»

ጎሹ ማማሰያው ከእጁ ወደቀ። «ልጅ ሳይኖር እልል? ጅቡ ይመጣል እኮ!»

«ይምጣ። ልጄ ሳይመጣ እሱ ይምጣ። ቀኑን እሱ ሲመርጥ ሁለት ልጅ ወሰደብኝ፤ ዛሬ የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

ድንጋይ በጨርቅ ጠቀለለች። አቅፋው ተኛች፤ ሆዷን በጋቢ ሸፈነች። ገንፎው በትልቅ ገበቴ ቀረበ፤ መሃሉ ተጎድጉዶ በበርበሬ የተለወሰ የፈላ ቅቤ ሞላበት። ገንፎ ነገረኛ ነው፤ ላዩ ዝም፣ ውስጡ እሳት። ጎሹ ዓይኑን ጨፍኖ እልል አለ። ሰባት ጊዜ ሊል ነበር፤ አያ ጅቦ በሦስተኛው ላይ ደረሰ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! ልጁን ልሳመው።»

«አራስ ቤት ገንፎ ሳይቀመስ ልጅ አይታይም» አለች እመት ኤሊ መግቢያው ላይ ተጎልታ።

«አንዴ ልየው።»

«አይታይም።»

«በአንድ ዓይኔ ልየው።»

«በግማሽም አይታይ። ወግ ነው።»

አያ ጅቦ እያጉረመረመ ገበቴው አጠገብ ተቀመጠ። ይኼኔ ጎሹ ወደ ሚስቱ ተመለከተ። እማዋይሽ ከንፈሯን ነክሳለች። ላቧ ጋቢውን አርሶታል። ምጥ መጥቷል፤ እውነተኛው ምጥ! መጮህ የለባትም። ቻለችው። እንደገና መጣ። ቻለችው። በሦስተኛው ግን ትንሽ «እህ» አመለጠቻት።

አያ ጅቦ አፍንጫውን አነሳ። «ምን ያስቃስታታል?»

«የወለደች አታቃስትም?» አለ ጎሹ።

«ጎሹ፣ የወለደች ሆዷ ይጎድላል። የሚስትህ ሆድ ግን እንደ ጉብታ ቆሟል።» ተነሳ። አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛው ጋቢው ጋ ነው።

ያ ጥላውን ይቅርታ የሚጠይቅ ጎሹ ምን እንደነካው እንጃ! ገበቴውን ብድግ አደረገና «በቃ ይቅርብህ፣ አያ ጅቦ!» አለ። «ገንፎውን ለዝንጀሮ እወስደዋለሁ። ዝንጀሮ "ጅብ ስሙ ነው እንጂ ሆድ የለውም፤ ገንፎ ቢሰጡት ዳር ዳሩን ልሶ ይነሳል" ሲል ያማህ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነው ለካ።»

አያ ጅቦ ዞረ። «እኔ? ዳር ዳሩን?»

«ተው፣ ገንፎስ በዳር በዳሩ ነው» አለች እመት ኤሊ፤ አዋቂ ናት፣ አትዋሽም።

«ዳር ዳሩን ጥርስ የሌለው ይብላ!» አለና ገበቴውን ነጠቀ። አፉን እንደ ዋሻ ከፍቶ መሃሉን ከነቅቤው፣ ከነበርበሬው በአንዴ ዋጠው።

ገበቴውን ወረወረው። ከዚያ ጭሱ በሁለት ጆሮው ወጣ። እንባው መሬት ሲነካ ተንጫጫ። ገደሉን ሳይወርድ ዘለለው። ወንዙ ጋ ሲደርስ ወንዙን ጠጥቶ ጨረሰው፤ ዓሦቹ ሦስት ቀን በእግራቸው ሄዱ ይባላል። ጉሮሮው ግን አልዳነም። «ልጁን ልሳመው» ሊል ሲሞክር «አዉ... አዉ...» ብቻ ሆነ የሚወጣው፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው። እልልታ ከሰማ ደግሞ ጅራቱን ቆልፎ ወደ ሌላ አገር ነው።

እማዋይሽ አምቃ የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው። እመት ኤሊ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ!» አለች፤ የአንድ እርምጃ መንገድ ብቻ ስለነበር በጊዜ ደረሰች። ልጁ ተወለደ። ምን ዓይነት ልጅ! በሆድ ሳለ ወፍጮውንና ማማሰያውን ሲሰማ ሰንብቶ፣ እሱም ተሰናድቶ መጣ፤ ጠጉሩን ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ እግሩን ለሩጫ አቅንቶ። የማያምን ካለ ሽኮኮ ስትወልድ ሄዶ ይይ።

ጎሹ ሁለተኛ ድስት ጣደ። ዱቄቱ አለ፣ ቅቤው አለ፣ ጨርቁ አለ። አርባ ቀን ሙሉ ከሚስቱና ከልጁ አጠገብ አልተነሳም። ለምኑ ብሎ ይነሳል?

ሟርት ፈርቶ ባዶ ቤት ምጥ የሚጠብቅ ባል ሲያጋጥማቸው፣ አዋቂዎች ይህን ተረት ያወሩለትና እንዲህ ብለው ይጨርሱለታል፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!»