ማሽኑ ያላወቀው አፍ

አቶ ጥጋቡ የሚባሉ ዳይሬክተር ሰውን በትንፋሹ ጠረን የሚለይ ማሽን በመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ አስተከሉ። በምረቃው ዕለት ሚኒስትሩ ፊት ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን ሲያስመዘግቡ፣ ምላሰኛዋ የበር ጥበቃ ቆማ ታይ ነበር።

በማግስቱ ሠራተኛው ሁሉ እፍ እያለ ገባ። አቶ ጥጋቡ ግን ያረፈደውን ሁሉ በር ላይ ሲሰድቡ ቆይተው እፍ ቢሉ፣ ማሽኑ «አላውቅዎትም» ብሎ አላስገባም አለ። ደገሙት፤ ያው ነው። ይሄኔ ጥበቃዋ ላይ ዞሩ።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው! ተራውን ሰው ሁሉ እያወቀ እኔን የማያውቀው ለምንድን ነው? አሁኑኑ ንገሪኝ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!»

«ኧረ ጌታዬ፣ ማሽኑ ምን ያድርግ?» አለች። «ያስመዘገቡት ሚኒስትሩን ያናገሩበትን አፍ ነው። እኛን የሚሰድቡበትን መቼ አስመዘገቡ?»