ከጉድጓዱ ሥር የሚሰማ ገመድ

ነገሩ የሆነው ክረምቱ ሁለት ዓመት አከታትሎ በነጠፈበት ዘመን፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በሻዕባን ወር ነው። በአንዲት ጥንታዊ የነጋዴዎች ከተማ የመስጊዱ ምንጭ ደርቆ ጀመዓው ለውዱእ መታጠቢያ እንኳ ውሃ አጥቶ ነበር። አዲስ ጉድጓድ የማስቆፈሩን አማና የተሸከሙት ሐጂ ጀውሃር ናቸው፤ ሚስታቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው በንግድ የራቁባቸው፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከተስቢህ መቁጠሪያቸው በቀር አጫዋች ያልነበራቸው ሽማግሌ።

ሠራተኞቹ ከየአገሩ የተሰባሰቡ ነበሩ። ከላይ ገመድ የሚይዙት ደገኞች ሲሆኑ፣ አለቃቸው ይመር የተባለ ድምፀ መረዋ መንዙማ አውራጅ ነበር። ከታች የሚቆፍረው ሁመድ ግን ከቆላው ግመል አርቢዎች ወገን ብቻውን የመጣ ሙሳፊር ነው። በደገኞቹ ልማድ ከላይ ያለው ይጣራል፤ ከታች ያለው «አለሁ!» ይላል። ሁመድ አንድም ቀን ድምፁን አላሰማም። ወገቡ ላይ የታሰረውን የጠፍር ገመድ ሳብ ከማድረግ በቀር።

አንድ ረፋድ ሁመድ ለእረፍት እንደ ወጣ፣ ይመር ተቆጥቶ ሐጂ ዘንድ መጣ።

«ሐጂ፣ ወይ እሱ ወይ እኛ! ስንጠራው አፉን ይዘጋል፤ ይባስ ብሎ ገመድ ይጎትትብናል። ገመድ የሚጎተተው ለአህያ ነው!»

«ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁታል?»

«ንቀት ደግሞ ምን ይጠየቃል?»

ሐጂ ነገሩን አመዛዘኑ። ደገኞቹ ከሄዱ ገመድ የሚይዝ የለም፤ ሁመድ ከተባረረ ወደ ታች የሚወርድ የለም፤ ረመዳንም በደረቅ መስጊድ ይገባል። ከጥሙ ይልቅ ግን ወገን የሌለውን ሰው በብዙኃን ቁጣ ማባረር አስፈራቸው።

«ሳልወርድ አልፈርድም» አሉና ጠፍሩን ወገባቸው ላይ አስጠመጠሙ። ጫፉን ሁመድ እንዲይዝ፣ ደገኞቹም እንዲያግዙት አዘዙ።

ታች ሲደርሱ ሰማዩ የማሰሮ አፍ አክሎ ታያቸው። «አላችሁ?» ብለው ተጣሩ። ይመርና ጓዶቹ በአንድነት መለሱ፤ ድምፃቸው ግን ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ቃል አልባ ጩኸት ሆኖ ወረደ። ሐጂ ሚስታቸውን ቀብረው ባዶ ቤት የገቡበት ምሽት ትዝ አላቸው፤ ያኔም አጽናኙ ሁሉ ሲናገር አንድም ቃል አልገባቸውም ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጠፍሩ ወገባቸውን ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ሳብ አደረጋቸው። እሳቸውም መልሰው ሳቡ። ገመዱ እንደገና መለሰላቸው። ብቻቸውን አልነበሩም።

ሲወጡ ሁመድን «ልጄ፣ ስንጠራህ ስለምን ዝም ትላለህ?» አሉት።

«ዝም ብዬ አላውቅም፣ አባቴ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «በእኛ አገር ጉድጓድ ውስጥ አይጮኽም፤ አፈሩ ይናዳል ይባላል። በተጣራችሁ ቁጥር በገመዱ መልሻለሁ።»

ሐጂ ወደ ይመር ዞሩ። «አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ውረድ።»

ይመር እያጉረመረመ ወረደ፤ ሲወጣ ግን ፊቱ አፈር የለበሰ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ነበር።

«አፉ በለኝ፣ ሁመድ። ወላሂ፣ ለካ ከላይ ሲያናፋ የኖረው አህያ እኔ ነኝ!»

ሁመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ይመር መንዙማውን ከላይ እያወረደ፣ እጁን ከጠፍሩ ሳያነሳ፣ ሁለቱ አብረው ሠሩ። ውሃውም በአላህ ፈቃድ ከረመዳን በፊት ፈለቀ። ሐጂም ለጀመዓው እንዲህ አሉ፦ «አልመለሰልኝም ብለህ ሰውን ከመውቀስህ በፊት፣ በየት በኩል እንደ መለሰልህ ፈልግ።»

ዛሬ ከየአገሩ ተሰባስበን በአንድ ጣሪያ ሥር የምንሠራ ሁሉ አንዳችን ለሌላው ጉድጓድ ውስጥ ነን። ድምፃችን መልካም ስለሆነ ብቻ የደረሰ ይመስለናል። ሐጂ ግን ፍርዳቸውን ያገኙት የሌላውን ጨለማ በገዛ ወገባቸው ቀምሰው ነው።

ሁመድ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቆላ ወረደ፤ ተመልሶም አልመጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን አንድ የቆላ መንገደኛ ሐጂ ቤት አደረና ስለ ገመዱ ሲጠይቁት የአገሩን ወግ ነገራቸው፦ ጉድጓድ ውስጥ ላለ ለማንም ሰው ገመድ አንድ ጊዜ ይሳባል፤ ሁለት ጊዜ የሚሳበው ለወላጅ አባት ብቻ ነው።