ሣሩን አንሳው

አንድ ሰው ነበረ። ልጄ ይልቃል፣ «ሽማግሌ ከወንድሜ ጋር ባስታረቀን ቁጥር ከልቤ ይቅር እላለሁ፤ ሌላ ዓውደ ዓመት ሳይመጣ በዚያው ነገር እንጣላለን፤ ይቅርታዬ ውሸት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሱን ከዚህ ሰው ውሰድ። ብቻ አታቋርጠኝ።

ይህ ሰው ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ቪላ ነበረው። ቤቱ የቆመው ዋልካ ላይ ነው። ዋልካን መቼም ታውቀዋለህ፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ሰውዬው አሮጊት እናት ነበሩት፤ ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ጠዋት ከበረንዳው ወርደው፣ ግቢውን ተሻግረው፣ አጥሩ ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። የቀረቻቸው ደስታ ይህችው ነበረች። ልጅየው እናቱን ጭቃ እንዳይዛቸው ብሎ ግቢውን በሙሉ ሰው ሠራሽ ሣር አለበሰው። ለእናት ማሰብ ደግ ነው፤ እዚህ ላይ አንወቅሰውም።

ነገር ግን በግቢው መሃል ሟቹ አባት የቆፈሩት ቦይ ነበረ። የጣሪያው ውሃ ከአሸንዳው ወርዶ በዚያ ይወጣል። ሣሩ ሊነጠፍ ሲል እናትየው «ቦዩን አትንካው፤ አባትህ ያለ ነገር አልቆፈረውም» አሉት። እሱም «እማዬ ደግሞ! በዚህ ዘመን በግቢ መሃል ቦይ ምን ይሠራል?» ብሎ ተቆጣ። ያፈረሰውን የአሮጌ ኩሽና ፍርስራሽ ቦዩ ውስጥ ሞልቶ ሣሩን ነጠፈበት።

መጀመሪያ ላይ ያየ ሁሉ «ይበል!» አለ። ክረምቱ ሲገባ ግን ሣሩ ከመሃሉ አበጠ፤ በበጋ ደግሞ ሰረጎደ። መጋጠሚያው ተላቀቀ፤ እናትየው የሚመላለሱበት መስመርማ ሳስቶ ሳስቶ ከሥሩ ያለው ላስቲክ ታየ። ሰውዬው ጠጋኝ ጠራ። ጠጋኙ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ከሥር ነው፤ ይነሳና ይታይ» አለው።

«አይነሳም!» አለ ሰውዬው። «አንተ ሙጫህን ቀባ።»

ተቀባ። አዲስ ቁራጭም ተለጠፈበት፤ ከደበዘዘው ሣር መሃል ብቻውን ለምልሞ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ሌላ ክረምት መጣ፤ እንደገና ተላቀቀ። ሰውዬው ሙጫውን ሰደበ። «ዘንድሮ የሚሸጠው ሁሉ ፎርጅድ ነው» አለ። ሌላ ጠጋኝ አመጣ፤ ያም «ይነሳ» ቢለው «አይነሳም» አለው። ለምን አይነሳም? ከሥር ያለውን ስለሚያውቅ ነዋ! ቢነሳ የሚወጣው የገዛ እጁ ፍርስራሽ ነው፤ እናቱም በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አፈረ።

አንድ ጠዋት እናትየው እንደ ልማዳቸው ሲወርዱ የተላቀቀው ጠርዝ እግራቸውን ያዘውና ወደቁ። ልጁ «እኔን! እኔን ድፍት ያድርገኝ፣ እማዬ!» እያለ ሮጦ ደገፋቸው። እግዜር አወጣቸው፤ እጃቸው ቢያብጥም አጥንት አልተሰበረም። አልተቆጡትም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ወደ ግቢው አልወጡም። «ነይ እማዬ፣ ደግፌሽ እንውጣ» ሲላቸው «አይ ልጄ፣ መስኮቱ ይበቃኛል» ይሉታል። መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ነው የሚያሳየው፤ ፀሐይ አይገባበትም።

ሰውዬው ይህን አልቻለም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማንንም ሳይጠራ የሱሪውን እግር ጠቀለለና ሣሩን ከዳሩ ይዞ አነሳው። ሽታው አያድርስ ነው። የጣሪያው ውሃ መውጫ አጥቶ ከሥር ተኝቷል፤ ዋልካው እሱን እየጠጣ ሲያብጥ፣ ሲደርቅ ደግሞ ሲሸሽ ኖሮ ፍርስራሹ ሰምጦ ጉድጓድ ሆኗል። እናትየው ድምፅ ሰምተው ግድግዳ እየዳበሱ እስከ በሩ መጡ። «ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉት።

ሰውዬው ቀና አለ። «ቦዩን ልመልሰው ነው፣ እማዬ። ያኔ አትንካው ብትዪኝ ተቆጣሁሽ።»

«አስታውሳለሁ» አሉ እናትየው። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጡ፤ እሱም ሥራውን ቀጠለ።

ፍርስራሹን በአካፋ አውጥቶ፣ ቦዩን ጠርጎ በጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። የሰመጠውን ቦታ ውሃ የማያሳብጠው ገረጋንቲ ሞልቶ ደለደለ፤ ሣሩንም መልሶ ነጠፈው። ለሳሳው መስመር አዲስ አልገዛም፤ ማንም ከማይረግጠው ከውሃ ታንከሩ ጀርባ እኩል የደበዘዘ ቆርጦ፣ ሣሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ አስተካክሎ አስገባው። የለጠፈበት ሙጫ ያው የሰደበው ሙጫ ነው። ክረምቱ ሲመጣ ዋልካው ዋልካ ነውና ትንሽ አበጠ፣ በበጋም ትንሽ ጎደለ፤ መጋጠሚያው ግን ያዘ። እናትየውም ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ይልቃል፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ይቅርታህ ውሸት አይደለም፤ ሙጫው ደህና ነው። ወንድምህም ክፉ ሰው አይደለም፤ ዋልካ ነው፣ አንተም ዋልካ ነህ፣ የአንድ ግቢ አፈር ናችሁ። ለመሆኑ ሽማግሌዎቹ ሲያስታርቋችሁ ምን ይሏችኋል?

«ያለፈውን አታንሱ ይሉናል፣ አባባ።»

አየህ! እኛ ሽማግሌዎች ይህችን ቃል እንወዳታለን፤ ነገሩ ቶሎ አልቆ ምሳው እንዲቀርብልን። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ስንል እንውልና እርቅ ላይ ስንቀመጥ «አታንሱ» እንላለን። እኔ ግን አንሳው እልሃለሁ። እሱ ያደረገህንማ ለአገር ሁሉ ስትነግር ከርመሃል። አሁን ሂድና «እኔስ ምን አድርጌህ ነው?» ብለህ ጠይቀው፤ ሲመልስልህም አትቆጣ። ከሥር የሚወጣው ፍርስራሽ የእሱ ብቻ እንዳይመስልህ።

ደግሞ አትዘግይ። እንዲህ ባለ ሣር ላይ የሚወድቀው የነጠፈው ሰው አይደለም። እናታችሁ «ለፋሲካ አንዱም ልጄ ጋ አልሄድም፣ ሌላውም ጋ አልሄድም፤ ቤቴ ይበቃኛል» አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።